አጎቴ ጣዎስ የሆነበት ቅዳሜ

ለእናቴ ሴት እንደምወድ የነገርኳት ጆርጂያ አቬኑ ላይ መኪና እየነዳሁ ነው። ስንት ቀን የተለማመድኩትን ንግግር ትንፋሽ ሳልወስድ ተናግሬ ስጨርስ፣ መንገዱን ትክ ብላ እያየች «እሺ፤ ቀኝሽን ያዢ፣ መታጠፊያው ደርሷል» አለችኝ። ታጠፍኩ። ከዚያ በኋላ ጉዳዩን አንስተነው አናውቅም። አብራኝ የምትኖረውን ሰዓሊ ግን በሄደችበት ሁሉ «የልጄ ሩምሜት ናት»፣ ቤት ተጋሪዋ፣ እያለች ታስተዋውቃታለች። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ያለው ቤታችን መኝታ ክፍሉ አንድ ብቻ እንደሆነ በደንብ ታውቃለች፤ አልጋውን መርጣ ያስመጣችልን ራሷ ናት።

የሰዓሊዋ ወላጆች ከኤልሳልቫዶር የመጡ ናቸው፤ እኛ ደግሞ ከወሎ፣ ከደሴ። እኔ ቀን ቀን ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ የጥርስ ሐኪም ቤት ስልክ አነሳለሁ። ከሥራ በኋላ ትልልቅ አሻንጉሊቶች እሠራለሁ፤ ሰው ውስጣቸው ገብቶ የሚያንቀሳቅሳቸው፣ ሰልፍ ላይ ከሕዝቡ ራስ በላይ ብቅ ብለው የሚሄዱትን ዓይነት። ፔትዎርዝ የሚኖር አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ዳንሰኛ ጓደኛ አለን፤ እኔ የሠራሁትን የሚሸከመው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ሦስታችንም ኩዊር ነን። ለዚህ ቃል እናቴ ፊት የምጠራው አማርኛ እስካሁን አላገኘሁለትም፤ ያሉት ቃላት ወይ ስድብ ናቸው ወይ የሐኪም ማስረጃ ይመስላሉ።

በዚያ ሰሞን ብዙ ነገር ከየቦታው ይወርድ ነበር። መጽሐፍ ከመደርደሪያ ይወርዳል፤ ቃላት ከድረ ገጽ ይጠፋሉ፤ የምናውቃቸው ሙዚቀኞችና ተዋንያን ፕሮግራማቸው «ላልተወሰነ ጊዜ ተላልፏል» ይባላሉ። እኛ ዘንድ ይደርሳል ብለን ግን አልጠበቅንም፤ ምክንያቱም የሰዓሊዋ ሥዕል ከሥዕል ሁሉ ጨዋው ነበር። ሁለት ሴቶች ዝናብ ላይ አውቶቡስ እየጠበቁ በአንድ ዣንጥላ ሥር ቆመዋል። አንዷ የሌላዋን መነጽር በሹራቧ ጫፍ ታብሳለች። በቃ፣ ይኸው ነው። መነጽሯ የሚታበስላት እኔ ነኝ።

ሥዕሉ የተሰቀለው አሌክሳንድሪያ ወንዙ ዳር ባለች አንዲት ትንሽ ጋለሪ ውስጥ ነበር። አንድ ሰው ደጋግሞ እየደወለ «ልጆች ያዩታል» ብሎ አማረረ፤ ጋለሪዋም ሥዕሉን «ለጊዜው» ብላ አወረደችው። ግድግዳው ላይ ሚስማሩ ብቻ ቀረ። ሰዓሊዋ ሚስማሩን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ሥራ ቦታ ሆኜ እያየሁት አንድ ታካሚ ደውሎ «በጣም እያመመኝ ነው» ሲለኝ «እኔንም» አልኩት።

በማግስቱ ፔትዎርዝ ዳንሰኛው ማድ ቤት ተሰበሰብን። ሌሎች የኛ ዓይነት አርቲስቶችም መጡ። ቦታ ስላልበቃ አንዱ ገጣሚ ዕቃ ማጠቢያው ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ሰልፍ ለመውጣት ወዲያው ተስማማን። ያከራከረን ምን ተሸክመን እንውጣ የሚለው ነው። እኔ የሬሳ ሣጥን እንሥራ አልኩ፤ ጥበብ ሞተች፣ ተቀበረች ለማለት። ዳንሰኛው ራሱን ያዘ።

«እባካችሁ! ሬሳ ሣጥን በቃኝ። ባለፈውም ሬሳ ሣጥን፣ ከዚያ በፊትም ሬሳ ሣጥን። ቀብር አስፈጻሚ መሰልን እኮ! እኔ አሁን የምፈልገው ቂጥ ያለው ነገር ነው።»

«ምን ያለው?» አለ ገጣሚው ከማጠቢያው ላይ።

«ቂጥ! በራቸው ድረስ ሄዶ፣ ዞር ብሎ የሚያሳያቸው።»

ከዚያ ሰዓሊዋ፣ ሥዕሏ ከወረደ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እየሳቀች፣ «ፒኮክ» አለች። ያንን ጭራውን እንደ ማራገቢያ የሚዘረጋውን ወፍ፣ ጣዎስን ማለቷ ነው። ማንም አልተቃወመም። ገጣሚው ከደስታ ብዛት ሲወራጭ ቧንቧውን ከፍቶ ሱሪው ራሰ።

የኔና የሰዓሊዋ ቤት ለድስት ክዳን እንኳ ቦታ የለውም። ስለዚህ ጣዎሱ የተሠራው ሲልቨር ስፕሪንግ እናቴ ጋራዥ ውስጥ ነው፤ የበግ ሥጋ በሞላው ፍሪዘርና ለለቅሶ በሚወጡት ታጣፊ ወንበሮች መሃል። አጥንቱን ከፕላስቲክ የውሃ ቱቦ፣ ሥጋውን ከአጥር ሽቦ ሠራሁ። ለቆዳው ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ እየነከርኩ ለጠፍኩበት። ጋዜጣውን የሰበሰብኩት ከሐበሻ ሱቆች ደጃፍ በነፃ ከሚቀመጡት ስለነበር፣ ቀለም እስኪቀባ ድረስ ጣዎሱ ደረቱ ላይ የጠበቃ፣ አንገቱ ላይ የታክስ ሠራተኛ ማስታወቂያ ይዞ ቆመ።

እናቴ ከፍሪዘር ሥጋ ልታወጣ ስትገባ አየችው። ዙሪያውን ዞረችው። ደረቱ ጋ ስትደርስ መነጽሯን አድርጋ ማንበብ ጀመረች።

«"የመኪና አደጋ ደርሶብዎታል?"» ብላ አነበበችና ቀና አለች። «ምንድነው ይሄ?»

«ወፍ ነው እማ። ጣዎስ።»

«ይቺ?»

«ይሄ። ወንድ ነው። ያ የሚያምር ጭራ ያለው ወንዱ ነው።»

«ወንዱ ነው እንዴ የሚሽሞነሞነው?»

«አዎ።»

«ሱብሃነላህ!» እጇን አገጯ ላይ አደረገች። «ሴቷስ?»

«ሴቷ ቡናማ ናት። ቁጭ ብላ ታየዋለች።»

«እሷ ናት ብልጧ» አለችና ሥጋዋን ይዛ ሄደች። በሩ ጋ ስትደርስ ግን ተመለሰች። «ለምንድነው የምትሠሪው?»

«ለሰልፍ። የ... የሩምሜቴን ሥዕል ከጋለሪ አውርደውባት ነው።»

እናቴ ሥጋውን መልሳ ፍሪዘሩ ላይ አስቀመጠችው። ሰዓሊዋን ትወዳታለች፤ ልትጠይቃት ስትመጣ አስደግማ ስለምትበላላትና ስልኳ በተበላሸ ቁጥር ስለምታስተካክልላት።

«የዛችን ልጅ? ምን አጥፍታ?»

«ሁለት ሴቶች ስለሳለች። ዣንጥላ የያዙ።»

«ዣንጥላ መያዝ ነውር ሆነ እንዴ?» አለች እየጮኸች። ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለ። «ሴቶቹ እነማን ናቸው?»



«አንዷ እኔ ነኝ» አልኳት።

ጣዎሱን ከላይ እስከ ታች አየችው። «ጭራውን በምን ልትሠሪው ነው?» አለችኝ።

በቀጣዩ እሑድ ስመጣ ጋራዡ በእናቴ ጓደኞች ተሞልቷል። «የልጄ ሩምሜት ተበድላለች» ብላ ጠርታቸው ነው። አሮጌ የዒድ ቀሚስ፣ የሚያብረቀርቅ ሻሽ፣ የሳሎን መጋረጃ፣ ፈርጥ ያለው ሂጃብ በየፌስታሉ ይዘው መጥተዋል። ማንም የሰልፉን ምክንያት በቅጡ የጠየቀ የለም። የተበደለች ልጅ አለች፣ ጭራ ያስፈልጋል፤ ይኸው በቃቸው። ለለቅሶ የሚወጡት ወንበሮች ላይ ተቀምጠው ላባ እየቆረጡ ይሰፋሉ፤ በየመሃሉም የማን ልጅ ተመረቀ፣ የማን ጉልበት ታመመ ይባባላሉ።

ከሁሉም አንጋፋዋ ከበልትስቪል የመጡ አንዲት እትዬ ነበሩ። ሰው የሚፈራቸው፣ ጥያቄ የማያሳድሩ ሴት ናቸው። ዳንሰኛው ሊያግዘን ሲገባ ጆሮው ላይ የተንጠለጠለውን ጉትቻ አዩ፣ ከንፈራቸውን መጠጡ፤ ከዚያ ጥፍሩን አዩ። ጥፍሩ ሐምራዊ ተቀብቷል። በጣታቸው ጠሩት። እኔ ፈጥኜ ለማስተርጎም ተጠጋሁ።

«ና ወዲህ። ይሄ አይለቅም?» አሉት እጁን ይዘው።

አስተረጎምኩ። «ጄል ነው፤ ሁለት ሳምንት ይቆያል» አለ ዳንሰኛው በኩራት።

«ሁለት ሳምንት? እንግዲያው ለዉዱእ አይሆንም» አሉ። «ውሃ አያስገባም። ንገሪው።»

ነገርኩት። ዳንሰኛው በጣም አሰበበት። «ለሶላት መታጠብ ካለባቸው የሚላጥ ዓይነት አለ በያቸው። ከመስገዳቸው በፊት ልጥ አድርገው ይጥሉታል።»

እትዬ ይህን ሲሰሙ የያዙትን መርፌ አስቀመጡ። በሚቀጥለው እሑድ ዳንሰኛው የሚላጠውን ቀለም አምጥቶ ለሁሉም ሴቶች ቀባላቸው። የከሰዓቱ የአስር ሶላት ሲደርስ ሁሉም ጋራዡ ውስጥ ተቀምጠው ጥፍራቸውን እየላጡ ነበር፤ የጣዎሱ እግር ሥር ቀይና ሮዝ ቅርፊት ተከመረ። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳንሰኛውን «ልጄ» ማለት ጀመረች።

ጭራው ሲያልቅ ጋራዡን ሊያፈርስ ምንም አልቀረውም። ገመድ ሲሳብ ይዘረጋል፣ ሲለቀቅ ይታጠፋል። የመጋረጃው ወርቃማ ሐረግ፣ የሂጃቡ ፈርጥ፣ የዒድ ቀሚሱ አረንጓዴ ሁሉ አንድ ላይ ሲንሿሿ ማሻአላህ ያላለ የለም። ችግሩ ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ እንዴት እናድርሰው ነው። እናቴ ለታናሽ ወንድሟ ኮል አደረገች።

አጎቴ ሄርንደን ነው የሚኖረው፤ ከኤርፖርት መንገደኛ በቫን ያመላልሳል። ሎተሪ የወጣለት ይመስል ዘወትር ሸሚዝና ክራቫት አድርጎ ነው የሚነዳው። ቫኑን ለማንም አይሰጥም። «እኔ ራሴ ካልነዳሁት ኢንሹራንሱ አይሸፍንም» ብሎ ቅዳሜ ጠዋት ከች አለ። እናቴ የነገረችው የሰርግ ዕቃ ነው ብላ ነው። ጣዎሱ ቫኑ ውስጥ አልገባ ሲል ጣሪያው ላይ አጋድመን አሰርነው። አንገቱ ከፊት መስታወቱ በላይ ወጥቶ መንገዱን ያያል።

«ከአንተ ጋር የሚነዳ ይመስላል» አልኩት።

«እሱ መንጃ ፈቃድ የለውም» አለ አጎቴ ፊቱን ሳያፈታ፣ ቀበቶውን እያሰረ።

ዳንሰኛው ከፊት፣ እኔ ከኋላ ተቀመጥን። ቤልትዌይ የሚባለውን የቀለበት መንገድ ይዘን ፖቶማክን የሚያሻግረው ትልቁ ድልድይ ላይ እስክንወጣ ድረስ ሰላም ነበር። ድልድዩ ላይ ግን ነፋስ ነበር። መጀመሪያ ከላያችን አንድ ነገር ፏ አለ። ከዚያ በግራም በቀኝም መኪናው ሁሉ ክላክስ ያደርግ ጀመር።

«ምን ሆነው ነው?» አለ አጎቴ። ወደ ኋላ ማያ መስታወቱ አየ። «የእህቴ መጋረጃ ብቻ ነው የሚታየኝ!»

ጭራው ተዘርግቶ ነበር። ሙሉውን። ከጎናችን የሚሄድ የጭነት መኪና ሹፌር ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ ያጨበጭብልናል። ዳንሰኛው እንባው እስኪወርድ ይስቃል። አጎቴ ሁለት እጁን መሪው ላይ ሙጭጭ አድርጎ «ያ ረብ፣ ያ ረብ» እያለ ቀስ ብሎ ነዳ። ቨርጂኒያ ገብተን ድልድዩን እንደጨረስን የፖሊስ መብራት ከኋላችን በራ።

ያኔ የዳንሰኛው ሳቅ ቀጥ አለ። ማንም ሳይነግረው፣ ፖሊሱ ባዶ መሆናቸውን እንዲያይ፣ ሁለት እጆቹን አውጥቶ ዳሽቦርዱ ላይ ዘረጋ፤ ሐምራዊዎቹ ጥፍሮች ቁልጭ ብለው ታዩ። አጎቴ አየውና እሱም እጁን መሪው ላይ አደላደለ። እኔም ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩ። እንደዚያ ሆነን ስንጠብቅ የነበረችው ትንሽ ጊዜ እስካሁን ትዝ ትለኛለች። ቅድም የሳቅንበት ያው መኪና አልመስል አለኝ።

መጥቶ በመስኮቱ ያጎነበሰው ፖሊስ ወጣት ነበር። አጎቴን አየ፣ ዳንሰኛውን አየ፣ ከዚያ ወደ ላይ አየ።

«ጌታዬ፣ ወፍዎ ተከፍቷል» አለ።

አጎቴ ያለውን ሁሉ ሰጠው፤ መንጃ ፈቃድ፣ ኢንሹራንስ፣ የኤርፖርት ባጅ፣ የጥርስ ቀጠሮ ካርድ ሳይቀር። ፖሊሱ የጥርሱን ካርድ መለሰለትና ወፉን እንዲዘጋ ጠየቀው። የጭራው ገመድ ግን ተጠላልፎ እምቢ አለ። በመጨረሻ እኔ በአንድ ወገን፣ ፖሊሱ በሌላ ወገን ጭራውን አቅፈን ስናጥፍ አጎቴ ክራቫቱን ፈትቶ ጠፍንጎ አሰረው። የበልትስቪሏ እትዬ የዒድ ቀሚስ ፖሊሱ ፊት ላይ ይርገበገባል።

«የምን በዓል ነው?» አለ ፖሊሱ ከቀሚሱ ሥር።

«ሰርግ» አለ አጎቴ።

«እንኳን ደስ አላችሁ» ብሎ ሸኘን።

ብዙ ከሄድን በኋላ ዳንሰኛው እጆቹን ከዳሽቦርዱ ላይ አንስቶ፣ መዳፉን እያፍተለተለ፣ «ለመሆኑ ሙሽራው ማነው?» አለ። ሦስታችንም ሳቅን፤ አጎቴም ሳይገባው ሳቀ።

ወንዙ ዳር ስንደርስ ሰዓሊዋና ጓደኞቻችን «ከግድግዳ ብታወርዱን በመንገድ እንመጣለን» የሚል ጨርቅ ዘርግተው ይጠብቁናል። ከበሮ አለ፣ ጥሩምባ አለ። ከመንገዱ ማዶ የሚቃወሙን ጥቂት ሰዎች ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ሙቀት ስለነበር ከኛ ውሃ ጠይቀው ወስደዋል። ሁሉም ነገር እንዳሰብነው ነበር፣ ዳንሰኛው ጣዎሱን ከጣሪያ ሲያወርድ ወገቡን ቀጭ እስኪያደርገው ድረስ። በሕይወቱ ሙሉ መድረክ ላይ ሲገለባበጥ የኖረ ሰው አስፋልት ላይ ተጋድሞ ሰማይ ሰማይ ያያል።

«እኔ አልችልም፤ ሌላ ሰው ይግባ» አለ።

ሌላ ሰው ማን? አካሉን የሠራሁት በእሱ ቁመት ነው። እኔ ብገባ ሆዱ መሬት ለመሬት ይጎተታል። ሁላችንም ዞር ዞር ብለን ስናይ፣ ከሁላችን በላይ ቀና ብሎ የቆመ አንድ ረጅም ሰው አለ። አጎቴ። የተንጠለጠለውን ጨርቅ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያነባል። የሰርግ እንዳልሆነ ገብቶታል።

«ይሄ ሰልፍ ስለ እነዚህ ነው?» አለኝ ቀስ ብሎ በአማርኛ።

«ስለ እነማን?»

«ስለ እነዚህ... ያው ነዋ።»

«አዎ አጎቴ። ስለ እኔ ነው።»

ጉሮሮውን ጠረገ። እጁን ክራቫቱን ሊያስተካክል ወደ አንገቱ ሰደደ፤ ክራቫቱ የለም።

«እናትሽ ታውቃለች?»

«ታውቃለች።»

«ታዲያ ለምን ሰርግ ነው አለችኝ?» ድምፁ ላይ ያለው ቅሬታ ስለ እኔ ሳይሆን ስለ እህቱ ነበር። ወንዙን አየ። ሰዓሊዋን አየ፤ የጨርቁን ጫፍ ይዛ፣ ልትስቅም ልታለቅስም የተዘጋጀች ትመስላለች። አስፋልቱ ላይ የተጋደመውን ዳንሰኛ አየ። በመጨረሻ ጣዎሱን አየና «ውስጡ ሲገባ ፊት ይታያል?» አለኝ።

«አይታይም።»

«ጨርሶ?»

«ጨርሶ አይታይም።»

ኮቱን አውልቆ ሰጠኝ። «ኪሱ ውስጥ ባጄ አለ፤ እንዳትጥዪው» አለና ጎንበስ ብሎ ገባ።

መጀመሪያ ላይ እንደ ሐኪም ቤት ተረኛ ቀስ እያለ ነበር የሚሄደው። የከበሮው ምት ሞቅ ሲል ግን ጣዎሱ ትከሻው ነዘር አለ። አንዴ። ደግሞ። የማላውቀው ነገር አልነበረም፤ አጎቴ በወጣትነቱ ደሴ ውስጥ ያለ እሱ ሰርግ አይደምቅም ነበር ይባላል፤ እኔ ግን አይቼው አላውቅም። አንገቱ ወዲያ ወዲህ እየተሰበቀ፣ ክንፉ እየተርገፈገፈ፣ አንድ ግዙፍ ወፍ አሌክሳንድሪያ ላይ የወሎ እስክስታ ወረደ። ከበሮ መቺው ምቱን ለወጠለት። ማዶ ከተቀመጡት ተቃዋሚዎች እንኳ አንዷ እግሯን ስትመታ አይቻታለሁ። ዳንሰኛው ከተጋደመበት «ማነው ያስተማረው? ማነው ያስተማረው?» እያለ ይጮኻል።

ጋለሪዋ በር ላይ ደረስን። ጣዎሱ ዞረ። ቂጡን ሰጣቸው። እኔ የክራቫቱን ቋጠሮ ፈትቼ ገመዱን ሳብኩ፤ ጭራው ተዘረጋ። ሰው እልል አለ።

ዝዮቹን ያየናቸው ያኔ ነው። ወንዙ ዳር ሁልጊዜ ዝዮች አሉ፤ ሣሩን እንደ ርስት ይዘው፣ ለሰውም ለውሻም መንገድ የማይለቁ። ይህን የሚያህል ወፍ ሰፈራቸው መጥቶ ጭራውን ሲዘረጋ ዝም የሚሉ አልሆኑም። አንገታቸውን አስግገው፣ እያሿሹ፣ በአንድ ላይ መጡ።

«አጎቴ፣ ዝይ!» ብዬ ጮህኩ።

«ምን?»

«ዝይ! ሩጥ!»

አንዱ ቁርጭምጭሚቱን ሲነክሰው ገባው። ጣዎሱ ሮጠ። የሚታየው ክፍት በር የጋለሪዋ ብቻ ስለነበር እሱ ጋ ተወረወረ፤ አንገቱና ደረቱ ገቡ፣ ጭራው ግን በሩን ሙጭጭ ብሎ ያዘ። ራሱ ውስጥ፣ ቂጡ ውጭ ሆኖ ቀረ። ሰልፈኛውና ተቃዋሚው በአንድነት ዝይ ያባርራል፤ አንዱ ተቃዋሚ በታጣፊ ወንበሩ ይመክታል። እኔ አጎቴን ላወጣ ከጭራው ሥር እየዳህኩ ስገባ የጋለሪዋ ኃላፊ ሴትዮ ጠረጴዛዋ ኋላ ቆማ አየኋት። መውጫው ተዘግቶባታል። የጣዎሱ ምንቃር ፊቷ ላይ ነው።

«እንደምን ዋሉ፣ እመቤት» አለ አጎቴ ከአንገቱ ውስጥ፣ መንገደኛ በሚቀበልበት እንግሊዝኛው። «ለተፈጠረው ይቅርታ። ከተቻለ የልጅቱን ሥዕል ቢመልሱላት።»

«እርስዎ... ከአርቲስቶቹ አንዱ ነዎት?» አለች ሴትዮዋ።

«አይደለሁም። ሹፌር ነኝ።»

«ሰዓሊዋን ያውቋታል?»

አጎቴ እግሩን ቀያየረ። ከሥር ሆኜ እግሩን አየዋለሁ፤ ጫማው እንደ ወትሮው ተወልውሏል፣ ካልሲው በዝይ ተቀዷል። ቃል እየፈለገ እንደሆነ ገባኝ፤ እኔም ለዓመታት ስፈልግ ነበርና።

«ምራታችን ናት» አለ። በእንግሊዝኛ ነው ያለው፣ ግልጽ አድርጎ።

የአንድ ሰው የመጋረጃ ሐረግ አፌ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ እንዳለ ያዝኩት።

ሴትዮዋ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። የደወለው ሰው አንድ ሰው ብቻ እንደሆነ፣ ደጋግሞ በመደወሉ የብዙ ሰው ቁጣ መስሎ እንደተሰማቸው፣ እሷ ራሷ ሥዕሉን እንደምትወደው ለጣዎሱ ምንቃር ነገረችው። ለጋለሪዋ ቦርድ አቀርበዋለሁ አለች። አጎቴ «አላህ ይስጥልኝ» አላትና መውጣት እንደማይችል ነገራት። እሷ ከውስጥ እየገፋች፣ እኛ ከውጭ እየሳብን አወጣነው። አንዱ ክንፍ ተሰብሮ ቀረ።

የቦርዱ ውሳኔ እንደተመኘነው አልነበረም። ሥዕሉን መለሱት፣ ግን ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ፣ «ሁሉንም ተመልካች ላይስማማ ይችላል» ከሚል ወረቀት ጋር። እኔ ተናደድኩ። ሰዓሊዋ ግን «ሽንቱ የማይመጣ ሰው የለም፤ ሁሉም ያየዋል» ብላ ተቀበለችው። እውነቷን ነው። የአጎቴ ጭፈራ በየስልኩ ስለዞረ ሰው ከሩቅ ሁሉ እየመጣ «መጸዳጃ ቤቱ የት ነው?» ይል ጀመር። አጎቴም ኤርፖርት አንድ የሥራ ባልደረባው ቪዲዮውን ሲያሳየው ረጋ ብሎ እስከ መጨረሻው አይቶ «ማሻአላህ፣ ትከሻ አለው» ማለቱን ራሱ ነግሮኛል።

እናቴ ጓደኞቿን ይዛ ሥዕሉን ልታይ መጣች። የበልትስቪሏ እትዬ ፊት ለፊቱ ቆመው ብዙ መረመሩት።

«ዣንጥላው ጠበባቸው» አሉ። «ይቺ አንቺ ነሽ?»

«አዎ እትዬ።»

«አፍንጫሽን አሳምራልሻለች። ጥሩ ልጅ ናት።» ወረቀቱን አነበብኩላቸው። «ማነው የማይስማማው?» ብለው ዙሪያቸውን በቁጣ አዩ፤ ከመጸዳጃ ቤት የሚወጣ አንድ ሰውዬ ደንግጦ ተመልሶ ገባ።

እናቴ ሥዕሉን እያየች፣ የራሷን መነጽር አውልቃ በሻሿ ጫፍ አበሰች፣ አደረገች፣ ደግማ አየች። ከዚያ ወደ ሰዓሊዋ ዞራ በዚያ በተሰባበረው እንግሊዝኛዋ «እኔን ለምን አልሳልሽኝም?» አለቻት። ተቆጥታ ነበር፤ የምሯን።

እናቴ አሁን በየእሑዱ ሰዓሊዋ እንድትስላት አሌክሳንድሪያ ትመጣለች። አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳ መስኮታችን ሥር ትቀመጣለች። አንድ ቦታ አትረጋም፤ ስልክ ታነሳለች፣ ድስቴን ከፍታ ጨው ታክላለች፣ ሰዓሊዋን በአማርኛ ስለ አለባበሷ ትመክራለች። ሰዓሊዋም በስፓኒሽ ትመልስላታለች፤ ይግባባሉ። በሥዕሉ ላይ የእናቴ ዓይን ተስሎ አልቋል፣ እጆቿ አልቀዋል፣ ሻሿ እጅግ ያምራል። አፏ ብቻ ቀርቷል። አይዘጋማ፣ እንዴት ይሳል?